ፊቱን እያየሽ ስሚው

ጥቅምት 12 ቀን

ለወንድማለም፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ፣ ወፍጮውስ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እሱም ቢሆን የሚያመኝ ደረጃ ስወጣ ብቻ ስለሆነ አላማርርም። መልሱን ስላዘገየሁብህ ይቅር በለኝ። «ዝምተኛው» ሹፌር እየመጣ «ደብዳቤው የታለ?» ሲለኝ በተደጋጋሚ ባዶ እጁን ሰደድኩት። ይህን ስም ያወጡለት ሰዎች እድሜ ይስጣቸው፤ አንድ ከረጢት እስኪያወርድ ድረስ የመንገዱን ወሬ ሁሉ አራግፎብኝ ይሄዳል።

የዘገየሁት ደጋግሜ ሳጣራ ነው። ለጠየቅኸኝ፣ አዎ፣ እርግጠኛ ነኝ። እሱ ነው።

የምሠራበትን ቤት አይተኸው ስለማታውቅ ልንገርህ። የወታደር ልብስ ስፌት ቤት ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ረጅም አዳራሽ። ሱሪ ሰፊዎቹ በአንድ ወገን፣ ኮት ሰፊዎቹ በሌላው ወገን ናቸው። እኔ መስኮቱ ሥር የትከሻ ምልክት የሚሠራበት ጠረጴዛ ላይ ነኝ። ካርቶን እንቆርጣለን፣ ጨርቅ እናለብሰዋለን፣ ጠርዙን በወርቃማ ክር እንዘመዝማለን፣ በመጨረሻ ኮከቡን እንተክላለን። ባለፈው ሰሞን አለቃችን የልኬት ወረቀት ይዛ መጣችና «ይቺ የትልቅ ሰው ናት፤ በአሮጊቷ እጅ ትሰፋ» ብላ ፊቴ አስቀመጠችው። ስሙን አነበብኩት። ባለቤቴ ከሞተበት ኮረብታ የተረፈው ሬዲዮኛ እፊቴ ተንበርክኮ እያለቀሰ የነገረኝ፣ እኔም ያኔ ላንተ የጻፍኩልህ ስም ነው። እዚህ አልደግመውም።

ባለቤቴና ጓደኞቹ ከኮረብታው ለመውረድ በሬዲዮ ሲለምኑ «ከበላይ እስኪፈቀድ ቦታችሁን ያዙ» ያላቸው ሰው። ያኔ ሻለቃ ነበር። አሁን ጄኔራል ሊሆን ነው፤ ኮከቡን እኔ እንድተክልለት።

በዚህ መሐል ምን መጽሐፍ ነው የምታነቢው ብለሃል። አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥበት መንገድ ዳር ያገኘሁት ነው፤ ሽፋኑ ስለተገነጠለ ማን እንደጻፈው አላውቅም። በዓለም ላይ ያሉ ሕዝቦች እንዴት እንደሚዋጉ ይናገራል። ጸሐፊው የአንድን ሕዝብ አስተዳደር ከቤተሰብ ጀምሮ ወደ ላይ ስንት ደረጃ እንዳለው ይቆጥራል። አለቃ የሌላቸው አሉ፣ አንድ አለቃ ያላቸው አሉ፣ ንጉሥ ያላቸው አሉ፣ ሚኒስትርና ጸሐፊ ያላቸው አሉ። ከዚያ ደረጃ ሲበዛ ጦርነት ይበዛል ወይስ ያንሳል ብሎ ይጠይቃል። መልሱ እንዳሰብኩት ቀላል አይደለም። አለቃ የሌላቸውም ይዋጋሉ፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ ከማረስ የማያንስ ያዘወትሩታል። ደረጃ ሲበዛ በርግጥ የሚለወጠው ሌላ ነገር ነው፤ «ተዋጉ» የሚለው ሰው ከሚሞተው ሰው እየራቀ፣ እየራቀ ይሄዳል። እናንተስ ከወንዙ ማዶ ካሉት ጋር ስትጋደሉ ማን ያዛችኋል?

ሠንጠረዥም አለው። ባለቤቴን ሠንጠረዡ ውስጥ ፈለግሁት።

ያንተው እህት

—

ኅዳር 20 ቀን

ለእታለም፣

ደብዳቤሽን ከወፍጮ ቤቱ ጓሮ ብቻዬን ሆኜ አነበብኩት። ብቻዬን ማንበብ ለኔ ብርቅ ነው። የመንደሩን ደብዳቤ ሁሉ የማነበው እኔ አይደለሁ? የሰው ደስታና የሰው መርዶ በኔ አፍ ሲመላለስ ነው የሚውለው። አናጺው «አንተ ሰውዬ ባትኖር እኮ ማን እንደሞተብን አናውቅም ነበር» ይለኛል። ምስጋና ይሁን ስድብ አልለየሁትም።

እናንተስ ከማዶዎቹ ጋር ስትጋደሉ ማን ያዛችኋል ላልሽኝ፣ ማንም። ሳር አለ፣ ውሃ አለ፣ አንድ የሰከረ ሰው አለ፤ ይበቃል። ከማዶ የገደለብን ማን እንደሆነ እናውቃለን። የአባቱን ስም፣ በየትኛው እግሩ እንደሚያነክስ፣ በየትኛው በር እንደሚወጣ እናውቃለን። እሱም እኔን ያውቀኛል። ስንገናኝ ለምን እንደመጣሁበት አልነግረውም፤ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ይገባዋል። ከዚያ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ እስኪሰለቻቸው ይጨቃጨቃሉ፣ እንታረቃለን። ጥቂት ዓመት ቆይተን ደግሞ እንጀምራለን። መጽሐፍሽ እኛን ቢያመሰግነን አትመኚው፤ ያጎታችን ልጅ በዚሁ ነው ያለቀው። እኔ የምልሽ፣ ገዳያችን ቤት ነበረው። የሚንኳኳ በር ነበረው።

የወንድሜ፣ የባልሽ ገዳይ ግን ወረቀት ከወረቀት ላይ ሲረማመድ የኖረ ሰው ሆኖብኝ ነው እስካሁን እንደ ሴት ቤት የተቀመጥኩት። አሁን የትከሻው ልክ በእጅሽ ነው። ትከሻ ካለው ደረትም አለው። ለልኬት የሚመጣበትን ቀን ጻፊልኝ። ወፍጮውን ለልጄ አስረክቤ እመጣለሁ።

ለዘመቻ ሊወስዱት የመጡ ቀን በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ የምትዪውን ደግሞ ተዪው። ማንም ቢሆን ይከፍት ነበር። ደሙ ያለው እዚያ ነው፣ በወርቃማው ክር ሥር። መቀሱ በእጅሽ እያለ ሰውየው በእግሩ ከወጣ ግን ምን ልበልሽ?

ወንድምሽ

—

ታኅሣሥ 15 ቀን

ለወንድማለም፣

መቀሱ በእጅሽ እያለ ያልከኝ ሲያቃጥለኝ ሰነበተ። መልሱን ስሰጥህ ሳታቋርጠኝ አንብበኝ።

መጣ። ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ኮቱን አወለቀ። አንገቱ ከመቀሴ አንድ ክንድ አይርቅም ነበር። ሴቶቹ ሁሉ መርፌያቸውን አቁመው ያዩታል።

«እማማ፣ ትከሻዬን እንዳይከብደኝ አድርገሽ ስፊው እንግዲህ» አለኝ።

አለቃችን «ኧረ ጌታዬ፣ ሹመት መቼ ከብዶ ያውቃል!» ብላ አሳቀችው።

እኔ ሜትሩን ትከሻው ላይ እንደዘረጋሁ «ጌታዬ፣ ኮረብታው ላይ የነበሩት ልጆች ትዝ ይሉዎታል?» አልኩት።

«የትኛው ኮረብታ?»

ወንድማለም፣ በክፋት አልነበረም። ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ጣቱን እያጠፈ «ብዙ ኮረብታ ነበረ እኮ፣ እማማ» አለ።

«ቦታችሁን ያዙ ያሏቸው።»

«እኔ ከራሴ አውጥቼ ምንም ብዬ አላውቅም። ከላይ የመጣልኝን ነው ወደ ታች ያወረድኩት።»

«ከላይ ማን ነበረ?»

ሳቀ። «ከላይም ላይ አለው፣ እማማ። ነካ ነካ አድርጊው፤ ስብሰባ አለብኝ።»

ብወጋው ኖሮ «አንዲት ያበደች አሮጊት ወጋችኝ» እያለ ይሞት ነበር። ባለቤቴ ለአፍታ እንኳ ወደ አእምሮው ሳይመጣ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የተወጋው አለመርሳቱ ለኔ ምን ይረባኛል? እኔ የምፈልገው የወጋው እንዲያስታውስ ነው። እህል ሲቀርብለት፣ ሊተኛ ሲል፣ ልጁን ሲስም። የማያስታውስን ሰው መግደል ግንድ መፍለጥ ነው። ስለዚህ መቀሱን አስቀመጥኩት። ቀኑን የማልጽፍልህም ለዚሁ ነው፤ አንተም ብትሆን እንጨት ፈልጠህ ነው የምትመለሰው።

ሌላም አለ። አዲስ ንድፍ መጥቶልናል፤ አረንጓዴ ጨርቅ፣ አንድ ነጭ መስመር። «የወንዝ ዳር ጠባቂዎች አዛዥ» ይባላል። ከወታደሩ ሁሉ በታች አንድ እርከን ጨመሩ ማለት ነው። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጥኩ ወዲህ አዲስ ደረጃ ሰፍተን ጦርነት ሳይከተለው የቀረበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ደረጃው ጦርነቱን ይወልደው፣ ጦርነቱ ደረጃውን፣ መጽሐፉም ቁርጡን አይናገርም። ወንዝ ያለው ደግሞ እናንተ ጋ ነው። ይዘው ቢመጡ እንዳትቀበል።

በሩን ማንም ይከፍት ነበር ስላልከኝ አመሰግናለሁ። የከፈትኩት ግን እኔ ነኝ።

እህትህ

—

ጥር 28 ቀን

ለእታለም፣

«እንዳትቀበል» ያልሽው ደብዳቤ የደረሰኝ ከተቀበልኩ በኋላ ነው። በዝምተኛው አላመካኝም፤ ቀድሞ ቢደርሰኝም እቀበል ነበር። እንግዲህ ተቆጪና ጨርሺ።

ወንዙ ድንበር ሆነ። ድሮ ውሃ ነበር፤ ከብት እናጠጣበታለን፣ እንጣላበታለን፣ እንታረቅበታለን። አሁን የኛ መንግሥት ከዚህ፣ የነሱ መንግሥት ከዚያ ሰው ልኮ ችካል ተከለበት። የኛዎቹ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው «ማንበብ የሚችል ማነው?» አሉ። መንደሩ በሙሉ ወደኔ ዞረ። «በቃ፣ አዛዡ አንተ ነህ።» አናጺው «ዱቄቱን ከፀጉርህ ሳታራግፍ!» ብሎ አሳቀብኝ። ከዚያ የገዛ ልጁን፣ የአንዲት ሕፃን አባት የሆነውን፣ ጠባቂ እንዲሆን እጁን ይዞ ሰጠኝ። «ካንተ ጋ ከሆነ አይከፋኝም» አለ።

ምልክቱ ትከሻዬ ላይ ነው። ገልብጬ አየሁት፤ ከሥሩ ያለችው ድርብ ቋጠሮ ያንቺ ናት። የወንድሜን ሸሚዝ ቁልፍ እንዲሁ ነበር የምትቋጥሪው።

የተቀበልኩበትን ምክንያት ስሚ። በግንቦት የወንዝ ዳር አዛዦች ሁሉ ከተማ ተጠርተን ሜዳሊያ እንቀበላለን። የሚሰጠን ያንቺው ሰው ነው፤ አንድ በአንድ እየጨበጠ። ይህ ነገር ትከሻው ላይ ያለን ሰው በር ላይ የሚፈትሽ የለም አሉኝ። ስጨብጠው እጁን አልለቀውም። የኮረብታውን ነገር፣ የወንድሜን ስም፣ ሁሉን በጆሮው እነግረዋለሁ። እንደገባው ዓይኑ ላይ አያለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው የቀረው። እንዳልሽው እያስታወሰ ይሄዳል።

እስከ ግንቦት ምልክቱ ከትከሻዬ እንዳይወርድ ብቻ ነው። ምን ትያለሽ?

ወንድምሽ

—

መጋቢት 18 ቀን

ለእታለም፣

እንደምን አለሽ? ጉልበትሽስ? እዚህ ዝናቡ ዘንድሮ ቀድሞ ገባ። የወፍጮው ድንጋይ ተሰንጥቆብኝ ጠራቢ አስመጥቼ ነበር፤ ሰውየው ከመጥረቢያው ይልቅ ምላሱ የተሳለ ነው። ልጆቹ ደህና ናቸው። ደብዳቤሽ ደርሶኝ ሳልመልስ የቀረሁት በሥራ ብዛት ነው፤ ይቅርታሽን።

ለጠየቅሽኝ፣ ደህና ነኝ፣ አልቆሰልኩም። አዎ፣ ወንዙ ውስጥ ተኩስ ነበር። ከኛ በኩል ጉዳት ደርሷል። የአናጺው ልጅም አለበት።

ሌላው ጥያቄሽ አልገባኝም። ትእዛዝ ሰጠህ ወይ ትይኛለሽ። እኔ ምንም ትእዛዝ አልሰጠሁም። ከበላይ መልስ እየጠበቅሁ ነበር። ሬዲዮው በእጄ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ የምስጋና ቃል መጣልን፣ ቦታችንን ስላልለቀቅን። ስሜ ለግንቦት ተመዝግቧል። ምልክቱ ከትከሻዬ አልወረደም። ያልሽኝን አድርጌያለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?

የአናጺው ምራት ወፍጮ ቤት መምጣት ትታለች። እህሏን ሌላ ሰው ያመጣላታል። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ወንድምሽ

—

ሚያዝያ 6 ቀን

ለወንድማለም፣

ዛሬ እንደምን ነህ አልልህም።

ዝምተኛው ትናንት መጣ። ጭነቱን አወረደ፣ ውሃ ጠጣ፣ ደጃፌ ላይ ተቀመጠ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙን መሰለ። ምን ሆነሃል ብዬ አጥብቄ ስጠይቀው ነው የነገረኝ። ከቆሰሉት ልጆች አንዱን ወደ ሐኪም ቤት የወሰደው እሱ ነው። ልጁ መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ሲደጋግም ነበር አለኝ። «ጋሼ ይሰማን ነበር» እያለ።

ይሰማህ ነበር። ባለቤቴ የለመነው በሬዲዮ ነው፤ የለመነውም ፊቱን አይቶት የማያውቀውን ሰው ነው። እነዚህ ልጆች ግን ማዶዎቹ ሲተኩሱባቸው ከወንዙ አሸዋ ላይ በአፋቸው ነው የጮሁልህ፤ «ጋሼ፣ እንውጣ?» እያሉ። አንተ ዳር ላይ ቆመህ ነበር። ድሮ ቢሆን «ውጡ!» ብለህ ትጮህ ነበር፣ እነሱም ይወጡ ነበር፣ ሽማግሌዎችም ይጨቃጨቁ ነበር። አንተ ግን ሬዲዮውን ጆሮህ ላይ ለጥፈህ ከላይ የሚመጣውን ጠበቅህ። ያለ ፈቃድ ካስወጣሃቸው ምልክቱ ከትከሻህ ይወርዳላ። ከወረደ ግንቦት የለማ።

ለወንድሜ ብዬ ነው ትለኛለህ። አውቃለሁ። ምን ትያለሽ ብለህ ስትጠይቀኝም «ያዘው፣ እንዳታወርደው» ብዬ የመለስኩልህ እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጽሐፉን አልከፈትኩትም። የጄኔራሉ ኮት አልቆ ሄዷል፤ ኮከቦቹን አጥብቄ ተክያቸዋለሁ፤ ዕድሜውን ሙሉ አይወልቁም። እሱ ጋ እጃችን አልደረሰም። አሁን የሚደርስ አይመስለኝም፤ ሄደህ ብትጨብጠው እንኳ የሚጨባበጠው አንድ ዓይነት እጅ ነው።

አንተ ጋ ግን እጄ ይደርሳል።

የአናጺው ምራት በዝምተኛው አፍ ጥያቄ ልካልኛለች። «ባሏ እንደኔ ባል ነው የሞተው አሉ፤ ማንበብም ትችላለች አሉ። የተኮሰውን አልጠየቅኩም፤ የማዶዎቹን አውቃቸዋለሁ። ባሌን ወንዙ ውስጥ ያስቀረው ማነው? እዚህ ሰው ሁሉ ከላይ ነው፣ ከላይ ነው ይለኛል።» ይህን «ከላይ ነው» ለመንደሩ ያስተማረው ማን እንደሆነ አንተም እኔም እናውቃለን።

መልሷን በዚህ ውስጥ አሽጌልሃለሁ። ፊደል አልቆጠረችም፤ የመንደሩን ደብዳቤ የምታነበው አንተ ነህ። ቤቷ ሂድና አንብብላት። አንድ ቃል ብትዘል ዝምተኛው ሙሉውን በቃሉ ያውቀዋል፤ አስጠንቼዋለሁ። የዚያን ሰው አፍ ደግሞ ታውቀዋለህ።

እህትህ

—

(በውስጡ የታሸገው)

ለአናጺው ምራት፣

ልጄ፣ እግዜር ያጽናሽ። እኔም እንዳንቺ ማንበብ የማልችል ሴት ነበርኩ። የባሌን መርዶ ያነበበልኝ የሰፈሩ ጸሐፊ ነው፤ አፉ ውስጥ የሚያኝከው ነገር ነበረው። «በክብር ወደቀ» ብሎ ዋጠ። የማውቀው ሌላ ጽሑፍ ስላልነበረኝ ፊደል የለየሁት ከዚያች ወረቀት ላይ ነው፤ ከእንግዲህ ማንም አፉን ሞልቶ እንዳያነብልኝ ብዬ። ያስቀረው ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። ሳገኘው ደግሞ ረስቶት ነበር።

አንቺ ላይ ይህ እንዲደርስ አልፈልግም። ስለዚህ አሁን ሕፃኗን አስቀምጪና ቀና በዪ። ባልሽን ወንዙ ውስጥ ያስቀረው ይህን የሚያነብልሽ ሰው ነው። የባልሽን ድምፅ ሰምቷል፤ ውጡ ማለት ይችል ነበር፤ አላለም። ከላይም አዛዥ አለ፣ ከዚያም በላይ አለ፤ እውነት ነው። አንቺ ግን ፊቱ የሚታይሽ ይሄኛው ነው። ፊቱን እያየሽ ስሚው። የት እንደሚኖር እኔ አልነግርሽም፤ በሩን ታውቂዋለሽ።

ትከሻው ላይ ያለውን የሰፋሁት እኔ ነኝ። እንዳያወርደው የነገርኩትም እኔ ነኝ። ይህንንም ያንብብልሽ።

—

ግንቦት 2 ቀን

ለእትዬ፣

ይህን የሚጽፈው ወንድምሽ ነው፤ ቃሉ ግን የኔ፣ የአናጺው ምራት ነው። የምለውን ብቻ ጻፍ ብየዋለሁ።

ደብዳቤሽን አነበበልኝ። መጀመሪያ «ከዚህ በኋላ ያለው አይነበብም» ብሎኝ ነበር። ዝምተኛው በሩ ላይ ቆሞ «ይነበባል» አለው። ከዚያ እስከ መጨረሻው አነበበው። አድርጊ ያልሽኝን አድርጌያለሁ፤ ፊቱን አይቻለሁ። አሁንም እያየሁት ነው። ደጋግሞ ይሰርዛል፤ ጽሑፉ ካላማረ በኔ አትፍረጂ።

ግደይኝ አለኝ። አማቴም መጥረቢያውን ይዞ መጥቶ ነበር። እኔ ተዉ አልኩ። ወንዶቹ ሲገዳደሉ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ይታረቃሉ፣ ይረሳል። እኔ እንዲረሳ አልፈልግም።

የፈረድኩበት እንዲህ ነው። ከተማ አይሄድም። ትከሻው ላይ የነበረውን ቆርጬ አውጥቻለሁ፤ ቋጠሮሽ ጠንካራ ነው፣ በእጅ እምቢ ብሎኝ በቢላዋ ነው። በየገበያው ቀን እዚህ ይመጣል፣ እዚህ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ ያንቺን ደብዳቤ ከ«ልጄ» ጀምሮ ያነብልኛል። ሰው ቢመጣ ሰውም ይሰማል። ወረቀቱ ካለቀ ይገለብጠዋል። ልጄን ፊደል የሚያስቆጥራትም እሱ ነው፤ በዚሁ ወረቀት ላይ፣ አንቺ እንደተማርሽው። ማንበብ የቻለች ቀን ከእጁ ተቀብላ ራሷ ታነበዋለች። ከዚያ በኋላ ያለውን እሷ ታውቃለች፤ እኔ አልገባበትም።

አንቺን ደግሞ ሰምቼሻለሁ። ምልክቱን እኔ ሰፋሁት፣ እንዳያወርደውም እኔ ነገርኩት ብለሻል። በጽሑፍ ነው ያልሽኝ፤ ከሩቅ ሆነሽ። እሱ ይህን ፊቴ ላይ ለመናገር የተሻገረው አንድ ጎረቤት ብቻ ነው፤ አንቺ አገር ሙሉ መሐላችን አድርገሽ ነው የተናገርሽው።

ዝምተኛው በሚቀጥለው ወደዚህ ሲመጣ መኪናው ላይ ከጎኑ ባዶ ወንበር አለው። ጉልበቴን ያመኛል ትያለሽ አሉ። ደጃፌ ደረጃ የለውም። ነይና ፊትሽን ልይ።